ፓራፋንጎ የሌለው መኪና

ዋሪዮ መኪና መንዳት የለመደው ሳጥን ላይ ነው ብል አታምኑኝም። ግድ የለም። ነገሌ ቦረና ሙሉ አንድ ቀን አምኖኝ ያመጣውን መዘዝ ስለማውቅ፣ ባታምኑኝ ይሻለኛል።

ጃንሆይ በወረዱበት ዓመት ነው። ዋሪዮ ያን ጊዜ ሃያውን አልፏል፣ ትከሻው በር ያህላል፣ ጣሊያኑ ጋራዥ ጎማ ይጠግናል። ጋራዡ ጥግ ላይ ቁምሳጥን የሚያህል ነገር ቆሞ ነበር። ፊቱ ላይ የመኪና መሪ፣ ከሥሩ ነዳጅ መስጫ። በመስታወቱ ስታዩ ውስጡ ከበሮ አለ፣ ከበሮው ላይ መንገድ ተስሏል፣ ከበሮው ሲዞር መንገዱ እየመጣ ይሄዳል። ፊት ለፊቱ ጣት የምታህል የቆርቆሮ መኪና ተንጠልጥላለች። መሪውን ስታዞሩ እሷም ትዞራለች፣ ከመንገድ ስትወጣ ደወል ይጮህባችኋል። ይኸው ነው ጨዋታው።

መኪናዋ ግን የምናውቃት ዓይነት አይደለችም። ሰውነቷ እንደ ዓሣ የቀጠነ፣ አራቱም ጎማ እንደ ጢንዚዛ እግር ወደ ውጭ የተዘረጋ። ጎማ ላይ የምትደፋዋ ቆርቆሮ፣ ፓራፋንጎ የሚሏት፣ የለችም።

"ይቺ በጭቃ ብትሄድ ሾፌሩ ምን ሊሆን ነው?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ይቺ ለጭቃ አይደለችም አሸቱ፣ ለሩጫ ብቻ ናት" አለኝ ጣሊያኑ። "ጭነትም አትጭንም።"

ጭነት የማይጭን መኪና! ሥራ የፈታ አገር የሠራው ነው አልኩ በሆዴ። ዋሪዮ ግን ምሳውን እየተወ እዚያ ላይ ይቆማል። መጀመሪያ ደወሉ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ነበር የሚውለው፤ እያደር ጸጥ አለ። ጣሊያኑ አገሩ ሊገባ ሲል "የዚህ ሰው እጅ ተገርቷል" ብሎ ለአንድ ባለ መኪና ሰጠው። ዋሪዮ ኤንትሬ የሚሉት የጭነት መኪና ላይ ወጣ፣ ሾፌር ሆነ።

ውይ ያን ጊዜ! ከነገሌ ወደራ፣ ከወደራ ሻኪሶ። ጡሩምባውን ሲነፋ ሴቱ ሁሉ ደጅ ይወጣል። እኔም እወጣ ነበር፤ ባሌ አሁን የለም፣ ምን አገባው። ያገኘችው ግን መሪማ ናት፤ ዝም ያለች ሴት፣ አጥር ተጋርተን አንድ ወሬ አውጥታልኝ አታውቅም።

የሱማሌ ጦርነት መጣና የጭነት መኪና ሁሉ ለጦሩ ሆነ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ዋሪዮ ጥይት ጭኖ ከወደራ ቁልቁለቱን እየበረረ ይመጣል። ዱባ የሚባል የሊበን ሰው ከገበያ የገዛቸውን ሁለት በሬዎች መንገድ ያሻግራል። ዋሪዮ ፍሬን ያዘ፣ ኤንትሬው ግን ሆዱ ሞልቷል፣ አልቆመም። በሬዎቹ ተሻገሩ። ዱባ አልተሻገረም።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ሽማግሌ ይቀመጣል፣ የደም ካሳ ይቆረጣል፣ ጉማ ነው የሚባለው። ከብት ይሰጣል፣ ደም ይደርቃል፣ ሁለቱ ወገን ከዚያ በኋላ በሰላም ይተላለፋል። ዋሪዮ ምሕረት ሊለምን እርጥብ ሣር ይዞ ፊታቸው ቆመ። የዱባ እናት ዲንኪቱ ከሴቶቹ መሃል ተነሣች። ቀጭን ናት፣ ረጅም፣ ድምፅዋ ግን የወንድ።

"ከብቱን ለዘመዶቼ ስጡ" አለች በኦሮምኛ። "እኔ እጁን ነው የምፈልገው።"

ሰዉ ደነገጠ።

"አትቁረጡት። ዳግመኛ መሪ አይያዝበት። መሪ የያዘ ዕለት ሰላማችን ፈረሰ።"

ዋሪዮ ማለ። አንድ ቃል ለራሱ አልተናገረም። ለምን እንደዚያ እንደሮጠ ማንም አልጠየቀውም፣ እሱም አላለም። ይሄን ያዙልኝ።

ሰው እጁን ቢያጣ ይቀለዋል። ዋሪዮ እጁን ይዞ ነው ያጣው። እኔ ከብቱ የሚልሰውን የኤል ሶድ ጥቁር ጨው እሸጥ ነበር፤ እሱ ጨው ተሸካሚ ሆነ። ጆንያውን ከመኪና ያወርዳል፣ ይጭናል፣ ያወርዳል። አንድ ጊዜ እንኳን ጋቢና አልገባም፤ ሾፌሮቹ "ና ግባ" ሲሉት ጭነቱ ላይ ይወጣል። ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ስድስት ዓመት። ያ በር የሚያህል ትከሻ እንደ ቀንበር ጎበጠ፣ ጨው ጀርባውን በላው። መሪማ ማታ ማታ በቅቤ ታሸዋለች፤ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ነው የምነግራችሁ።

ፊት ለፊቴ የጉራጌው ልጅ ፍስሐ ከረንቦላ ቤት ነበረው። ድርቁ በመጣበት ዓመት ከሞያሌ የመጣ መኪና ቆመና ከቆዳ ክምር ሥር አንድ ሳጥን ለስድስት ሆነው አወረዱ። ያው ሳጥን! መሪ ያለው። ግን ከበሮው የለም፣ ቦታው ላይ ቴሌቪዥን ተተክሏል።

"እትዬ አሸቱ፣ ያንን የጣሊያኑን ከበሮ እርሽው" አለኝ ፍስሐ፣ ላቡን እየጠረገ፣ አዲስ ሚስት ያመጣ መስሎ። "ከዚያ በኋላ ጥቁርና ነጭ መጣ፤ መንገዱን ከሰማይ ሆነሽ ነው የምታዪው፣ መኪናዋ ቅማል ታህላለች። አሁን ይሄ ደሞ ባለቀለም ነው፣ ከጀርባዋ ሆነሽ ነው የምትነጂው። መጀመሪያ ብቻሽን ሮጠሽ ታሳዪዋለሽ። ሰዓቱን ካሟላሽ ከሌሎቹ ጋር ያሰልፍሻል።"

"ካላሟላሁስ?"

"ያባርርሻል።"

"የቀበሌ ስብሰባ ነው በለኛ።"

"ኧረ ቀስ በይ!" አለና ወደ መንገዱ ዞር ዞር ብሎ አየ።

መኪናዋ ያቺው ናት። አሥር ዓመት ሙሉ ፈረንጅ አንድ ፓራፋንጎ አልገጠመላትም።

ጄኔሬተሩ ከሰዓት ሲነሣ የከተማው ጦር ካምፕ ወታደር ይሰለፋል። ወታደር ደሞ መሪ ሲይዝ የጠላቱን አንገት የያዘ ይመስለዋል፣ በሳምንቱ ነቀሉት። ፍስሐ የሚጠግን ሲፈልግ ዋሪዮ ትዝ አለው፤ የዚያን የድሮውን ሳጥን ሆድ ዕቃ የሚያውቅ ሌላ ሰው በከተማው የለም።

"መሪ ነው፣ አልነካም" አለው ዋሪዮ።

"አንተ ሰው፣ ሳጥን ነው! ቋሚ ሥራ ነው የምሰጥህ። ያ ጨው እኮ ሊገድልህ ነው።"

ዋሪዮ ሦስት ቀን አሰበ። በአራተኛው ቀን መጥቶ ከሳጥኑ ጀርባ ገባ፣ ሽቦውን ቀጠለ፣ ብሎኑን አጠበቀ። መሪውን መሞከር ሲያስፈልግ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀ፣ በእግሩ አዞረው! የማለው በእጁ ነዋ። ወታደሮቹ በሳቅ ሞቱ። እሱ አልሳቀም። ከዚያ ወዲያ የሳጥኑ ጠባቂ ሆነ፤ ይጠርጋል፣ ይጠግናል፣ በእግሩ ይሞክራል። የጨው ጆንያ ከጀርባው ወረደ፣ መሪማም ቅቤዋን ለወጥ አዋለችው።

አሁን ኃጢአቴን ልናገር። አንድ ከሰዓት ጨዌን ሸፍኜ ውሃ ልጠጣ ከረንቦላ ቤት ገባሁ። ሰው የለም። ዋሪዮ ሳጥኑ ፊት ተቀምጧል፣ ሁለት እጁ መሪው ላይ፣ ዓይኑ ተጨፍኗል። አይነዳም፤ ማሽኑም አልተነሣም። ዝም ብሎ ይዞታል፣ የታመመ ሰው እጅ እንደሚያዝ።

ውሃዬን ሳልጠጣ ወጣሁ። ዝም ብል ምን ነበረበት? ምላሴን በላኝ። አጠገቤ ለምትቸረችረው ቅቤ ነጋዴ "ዋሪዮ መሪ ያዘ" አልኳት። የቱን መሪ እንደሆነ አልነገርኳትም፤ ወሬ ሲያጥር ይጣፍጣል። ቅቤ ነጋዴዋ ሊበን ናት አገሯ። በሳምንቱ የገበያ ቀን ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ፊት ፊት ዋቆ፣ ያን ጊዜ ጉማውን የቆረጡት። ከኋላቸው ዲንኪቱ።

"አካም፣ ናጋ?" አልኳት። ናጋ አላለችኝም፣ አለፈችኝ። ሰላም የለም ማለት ነው። ሰላሙ ከፈረሰ የዱባ ወንድሞች ምን እንደሚያደርጉ ሁሉም ያውቃል። መሪማ አጥሩ ሥር ቆማ አየችኝ። ብቻ አየችኝ። ያ ሁሉ ዓመት ያላወራችኝን ሁሉ በዚያች ዓይን አወራችኝ።

ሽማግሌዎቹ ከረንቦላ ቤት ገብተው ሳጥኑን ከበቡት። ዋቆ ሊገዙት እንዳሰቡት ግመል ዞሩት።

"ቤንዚን ይጠጣል?"

"አይጠጣም አባቴ፣ መብራት ነው" አላቸው ፍስሐ።

"ጎማው የታለ?"

"ውስጥ ነው። ይኸው ይታያል፣ በሥዕል።"

"ፍሬን አለው?"

"የለውም።"

"ፍሬን የለውም!" ዋቆ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። "ከእውነተኛው የባሰ ነው እንግዲህ። ከተጋጨስ?"

"ይቃጠላል።"

"ሰውየውስ?"

"ወዲያው ይመለሳል። አዲስ ሆኖ።"

ዲንኪቱ "አሳየኝ" አለች።

አንድ ወታደር ቆሞ ነዳ። መኪናዋ ሌላዋን ገጨች፣ እሳት ሆነች፣ ጠፋች። ትንሽ ቆይታ መንገዱ ላይ ቁጭ አለች፣ ጭረት የላትም። ዲንኪቱ ጠጋ አለች። እንደገና ተቃጠለች፣ እንደገና ተመለሰች። አምስት ጊዜ ያህል አየች።

"ይሄ መኪና አይደለም" አለች። "ይሄ ውሸታም ነው።"

እኔ እፎይ አልኩ፤ አለቀ መስሎኝ። እሷ ግን ወደ ዋሪዮ ዞረች።

"ያዝ።"

"እናቴ..."

ዋቆ ጣልቃ ገቡ። "አዴ ዲንኪቱ፣ እኛ ሳንፈርድ ከያዘ ማህላው ይፈርሳል።"

"የማለው ለኔ ነው። ያዝ አልኩህ።"

ዋሪዮ ሁለት እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ያዘ። ፍስሐ ማሽኑን አስነሣ። እና እንዴት እንደነዳ ልንገራችሁ? እንደ ሙሽራ አጃቢ! ቀስ አድርጎ፣ ጠርዙን ይዞ፣ መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ይበልጥ ቀስ። ሌሎቹ መኪኖች እንደ ንብ እየጮሁ ያልፉታል። ወታደሮቹ "በሬ ጠምደሃል ወይ!" "ጡሩምባ ንፋላቸው!" ይላሉ። አንድም ነገር አልነካም። መንገዱ ገና ሳይጋመስ ማሽኑ ጢጥ ብሎ ቆመ።

"ለምን ቆመ? ማንንም አልገጨም እኮ" አለች ዲንኪቱ።

"ሰዓት አልቆበት ነው እናቴ" አላት ፍስሐ። "ቀስ ያለውን ያስወጣዋል።"

"ቀስ ስላለ ይቀጣዋል?"

"እንደሱ ነው።"

ዲንኪቱ ዋሪዮን ብዙ አየችው። እሱ መሪውን አልለቀቀም፣ አንገቱን ደፍቷል።

"ያኔስ?" አለችው።

"ምን እናቴ?"

"የኔን ልጅ ስትገድል። ያኔም ሰዓት ነበረብህ?"

ዋሪዮ ቀና ሳይል መለሰ። "ነበረብኝ። እኩለ ቀን ሳይሆን ጥይቱ ነገሌ ካልገባ ትረሸናለህ አሉኝ።"

"ማን?"

"አዛዡ።"

"ሣር ይዘህ ስትቆም ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርዎ ዱባ ይነሣል እንዴ?" አለ።

ወታደሮቹ አንድ በአንድ ወደ ደጅ ወጡ። ዋቆ በትራቸውን ያያሉ። ዲንኪቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፣ ቆየች፣ መለሰችው።

"ሳጥኑን ይያዝ" አለች። "መኪና አይያዝ። እኔም በገበያው ቀን እየመጣሁ አየዋለሁ።"

ሰላሙ ቆመ። ስትወጣ ጨዌ ጋ ቆም አለችና "ናጋ" አለችኝ፤ ከዚያ "አንተ ምላስህ ረጅም ነው" አለችኝ። አማርኛዋ ወንድ ሴት አይለይም፣ ስድቡ ግን ቦታውን አልሳተም።

መጣች ደሞ። በየገበያው። ከሊበን በእግሯ፣ አንዳንዴ ጭነት ላይ። ከረንቦላ ቤት ትገባለች፣ ግድግዳው ሥር ትቀመጣለች፣ "ንዳ" ትለዋለች። ይነዳል፣ ቀስ ብሎ። ሰዓቱ ያልቅበታል። "እሺ" ትላለች፣ ትሄዳለች። ሌላ ቃል የለም። ማሽኑ የጎበዞቹን ስም መዝግቦ ያሳይ ነበር፤ የዋሪዮ ስም ከዓመት ዓመት አንድ ቀን አልወጣም። ወታደሮቹም ይለዋወጣሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ወደ ሰሜን ተወስደው ቀሩ፣ የሚተኩት በየዓመቱ ፊታቸው የልጅ እየሆነ መጣ። እሱ ብቻ እዚያው።

አንድ ቀን "ይሄ ይሻልሃል ከጨው" አልኩት፣ ልታረቀው ብዬ።

"እትዬ አሸቱ፣ ጨው ሲከብደኝ አወርደው ነበር" አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም። ደክሞት ነው። ወገቡ መቆም ስላቃተው የሳሙና ሣጥን ላይ ተቀምጦ ነበር የሚነዳው።

ፍስሐ ነገሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ አዲስ አበባ ገባ። "አሁንማ ሳጥንም ቀረ" አለን ሲሰናበት፤ "መኪናዋን ካሴት ውስጥ ከተቷት፣ ቤትሽ ቴሌቪዥን ላይ ትሰኪያታለሽ፣ በአውራ ጣትሽ ነው የምትነጃት።" መሪም የለው፣ መያዣም የለው! ከቁምሳጥን ተነሥታ ኪስ ገባች ማለት ነው። የራሱን ሳጥን ለዋሪዮ ትቶለት ሄደ።

ደርግ ሲወድቅ ካምፑ በአንድ ቀን ባዶ ሆነ። ወታደሩ ልብሱን እየጣለ በየጫካው ገባ። ናፍጣ ጠፋ፣ ጄኔሬተሩ ዝም አለ። ከረንቦላ ቤቱን አቧራ ሞላው። በገበያው ቀን፣ ገበያተኛ በሌለበት፣ ዲንኪቱ መጣች። አርጅታለች፣ ዓይኗ ላይ ሞራ ወጥቶበታል፣ በግድግዳው እየተደገፈች ገባች። እኔ በሩ ጋ ቀረሁ። እዚያ የሰማሁትን እስከ ዛሬ ለመሪማ እንኳን አልነገርኩም። አሁን ዋሪዮም ዲንኪቱም የሉም።

"ንዳ" አለችው።

"መብራት የለም እናቴ። ሞቷል።"

"ሰዓቱም ሞቷል?"

"ሰዓቱም።"

"እንግዲያው ንዳ። ከወደራ ተነሥ።"

ዋሪዮ የሳሙና ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። የጨለመውን መስታወት በእጅጌው ጠረገ። መሪውን ያዘ። ዲንኪቱ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። መሪውን ትንሽ ወደ ግራ ያደርገዋል፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ እግሩ ፍሬን የሌለበት ቦታ ላይ ፍሬን ይይዛል።

"የት ደረስክ?"

"ቁልቁለቱን ጀመርኩ።"

"ቀስ በል።"

"ቀስ ብያለሁ።"

ውጪ አህያ ያናፋል።

"አሁንስ?"

ዋሪዮ ወደ መስታወቱ ጎንበስ አለ። ከዚያ "አየሁት" አላት።

"ቆሟል?"

"ቆሟል። በሬዎቹን ይዞ።"

"አሳልፈው።"

እግሩን ተጫነ። እውነት ነው የምላችሁ፣ የጉልበቱ ሥር ሲገተር አይቻለሁ። ላቡ ባገጩ ወረደ። እንዲህ ሆኖ ቆየ፣ በሬ መንገድ የሚሻገርበትን ያህል።

"በሬዎቹ አለፉ" አለ።

"እሱስ?"

"እሱም። ዞሮ እጁን አነሣልኝ።"

ዲንኪቱ መዳፏን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። "እሺ" አለች፣ እንደ ሁልጊዜው። ሄደች ስል አልሄደችም።

"ውረድ በቃ" አለችው። "ደክሞሃል።"

ዋሪዮ ሊነሣ ሲል ጣቶቹ ከመሪው አልላቀቅ አሉት፤ በግራው የቀኙን፣ በቀኙ የግራውን ፈታ። ሲወጡ እኔ ሮጬ ጨዌ ጋ ደርሻለሁ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ጆንያ አራግፋለሁ። ዲንኪቱ ለከብቶቿ ጨው ገዛችኝ። ልትሸከመው ስትጎነበስ ዋሪዮ ቀደማትና በዚያ በጎበጠ ጀርባው ላይ አወጣው። እሷ ትከሻውን ይዛ፣ እሱ ጨውዋን ተሸክሞ፣ ቀስ እያሉ በሊበን መንገድ ሄዱ።